አክስቴ የተሳለሙት የመስታወት በር

ዝም የሚል ሰው ሳይለፋ ብዙ ነገር ያገኛል። ሰው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ እኔ ከምለው የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለሁ አስተማሪው ጠይቆኝ አንገቴን ስደፋ፣ «ታውቀዋለች፣ አፍራ ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት በዚህ ዓይነት ነው። ከዚያ በላይ አልተማርኩም። በኋላ የእናቴ ታላቅ እህት ወደ ሮም ሲያስመጡኝ፣ ዝምታዬንም አብሬ ይዤው መጣሁ።

አክስቴ ሮም የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባንግላዴሾቹ ሱቅ በላይ ባለች ቤት አብረን እንኖራለን። እሳቸው ከተማ መሀል አንድ ቤተሰብ ቤት ይሠራሉ፤ እኔ ደግሞ ፒኜቶ ሰፈር አንዲት አሮጊት ሲኞራ እንከባከባለሁ። አክስቴ ያለ ቤተ ክርስቲያን ቀኑ ቀን የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሮም ውስጥ አውቶቡስ መሳፈር ደግሞ ጉድ ነው። በየማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ስላለ እጃቸው አያርፍም፤ ከካዚሊና መንገድ እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ያማትባሉ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የካቶሊኮቹ ነው» ስላቸው፣ «ለማንኛውም ነው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ብርድ ልብስ ፈልገው ቁም ሣጥኔን ከፈቱና በሩ ላይ በውስጥ በኩል የለጠፍኩትን ፎቶ አዩ።

«እነዚህ ቆንጆዎች እነማን ናቸው?»

«ኮሪያዎች ናቸው እትዬ።»

«ፀጉራቸውን ሲያሳምሩት! ቆዳቸውን ተይው! ሴት ልጅ እንዲህ ራሷን ስትጠብቅ ደስ ይላል። አንቺም ብትማሪባቸው።»

ዝም አልኩ። አምስቱም ወንዶች ናቸው። ዘፋኞች ናቸው፤ የምወዳቸው ዘፋኞች። አክስቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር «ሴቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» ማለት ለመዱ። እኔም ጀርባዬን አዙሬ ልብስ አጥፋለሁ፤ ትከሻዬ እንዳይነቀነቅ እየተጠነቀቅሁ።

ከአምስቱ ጋር ያስተዋወቀችኝ የሲኞራዋ ታብሌት ነች። ልጃቸው ገዝታ ሰጥታቸው እሳቸው የድሮ ዘፈን ያዩባታል። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ልብስ ስተኩስ እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸውና ታብሌቷ በራሷ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስትዘል ስትዘል ኮሪያ ደረሰች። ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንድ የትራስ ልብስ በዚያ ሰዓት ተቃጥሏል። ሲኞራዋ በቃጠሎው ሽታ ነቁና ትራሱን ትተው ስክሪኑን አዩ።

«ያ ቀጭኑ አይበላም እንዴ? ፖቬሪኖ፣ ምስኪን! እናት የለውም?»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቀትር እንቅልፋቸው ሲነሱ አብረን እናያለን። እኔ ዘፈኑን እሰማለሁ፤ እሳቸው የቀጭኑን ኪሎ ይከታተላሉ። ጉንጩ ሞላ ያለ የመሰላቸው ቀን እራታቸውን በደንብ ይበላሉ፤ ከሳ ያለ ቀን ደግሞ ሾርባውን ገፋ ያደርጉታል።

የኮሪያን ፊደል ለመድኩት። ብዙ ሰው ከባድ ይመስለዋል እንጂ እንደኛው ፊደል ነው፤ አንዷ ቤት እግር ወይም እጅ ሲቀጠልላት ድምፅዋን ትለውጣለች። እኔም በልጅነቴ «ሀ ሁ ሂ» ብዬ እንደቆጠርኩት፣ መስኮት እየወለወልኩ በዜማ ቆጠርኩት። ቃሉን ከዘፈኑ፣ አረፍተ ነገሩን ከድራማው ለቀምኩ። ከዚያ አንዲት አረፍተ ነገር ለራሴ አዘጋጀሁ፤ «ቤት ሳጸዳ ዘፈናችሁ አብሮኝ ይሠራል፤ አመሰግናለሁ።» እሷን ለመናገር ኮሪያ ድረስ ሄጄ ዘፋኞቹ የሚሠሩበትን ሕንፃ ማየት አለብኝ አልኩ። ከየአገሩ አድናቂ እየሄደ በሩ ላይ እንደሚቆም በታብሌቷ አይቻለሁ። ለእኛ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደጅ መጥናት ነው። ድሮ ሰው ጉዳይ ይዞ የሹም ደጅ ይጠና ነበር። እኔ ጉዳይ እንኳ አልነበረኝም፤ ደጁን ብቻ ነው የፈለግኩት።

በዚሁ ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ ሚላኖ የሚኖር ወንድም አላቸው፤ በራሱ ቫን ዕቃ ያመላልሳል። አንድ እሑድ ስልክ ተደውሎ አክስቴ «እንኪ፣ አናግሪው» ብለው ቀፎውን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። ሰውዬው ደኅንነቴን ጠየቀኝ። አፌ ተያዘ። ስለ ቫኑ ነገረኝ። ስለ ሚላኖ ጭጋግ ነገረኝ። ስለ ቫኑ እንደገና ነገረኝ። ከዚያ አክስቴን አቅርቡልኝ አለና፣ «ጨዋ ልጅ ናት፣ አንድ ቃል አልወጣትም» አላቸው።

አክስቴ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ታዲያ ሽማግሌዎቹ ይምጡ?» አሉኝ።

ቲማቲም እየከተፍኩ ነበር። ቲማቲሙን አየሁ።

«እንግዲህ ዝምታ ስምምነት ነው» አሉና መልሰው ደወሉ። ሽማግሌዎቹ ለመስቀል እንዲመጡ ተቆረጠ። ዕድሜ ልኬን ያገለገለችኝ ዝምታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ነከሰችኝ። «አይ» የምትል ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ነበረች፤ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ተጋድማ አልወጣ አለች።

ነሐሴ ላይ ሮም ባዶ ትሆናለች፤ ሲኞራዋን ልጃቸው ባሕር ዳርቻ ትወስዳቸዋለች፣ እኔም ፌሪዬ፣ የዓመት ዕረፍት፣ እወጣለሁ። ከማግባቴ በፊት ያን ደጅ ልየው ብዬ ሐምሌ ላይ ቪዛ ልጠይቅ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ የመኖሪያ ፈቃዴን አገላብጣ አይታ፣ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። ዝም ስል ራሷ «ለጉብኝት» ብላ ጻፈች። እንዳልኩት ነው፤ ከእኔ የተሻለ ይሞሉታል።

አክስቴ ግን ሌላ ነገር ነው የሞሉት።

«ኮሪያ? ኮሪያ ማን አለሽ?»

ዝም አልኩ።

«ወንድ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ!»

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና ፎቶውን አሳየኋቸው።

«ሴቶቹ ምን ሆኑ?»

«ወንዶች ናቸው እትዬ።»

መነጽራቸውን አምጥተው ቀረቡ። አንድ በአንድ አዩዋቸው። «አምስቱም?»

«አምስቱም።»

«እነዚህ ኩል የተኳሉት? ስንት ጊዜ ሰላም ያልኳቸው?» አልጋው ላይ ተቀመጡ። «አሁን አንቺ አንዱን ነው ወይስ አምስቱንም?»

«እነሱ እኮ አያውቁኝም እትዬ።»

«ይሄማ የባሰ ነው! የሚያውቅሽን ሰው ትተሽ ወደማያውቁሽ አምስት!» ትንሽ አሰቡ። «አሎራ፣ እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን ዓለም ዳርቻ አትሄድም። ደርሼ አየዋለሁ። ወንድ ከሌለበት ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ተስማማሽ?»

ዝም።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉና ፎቶው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ቁም ሣጥኑን ዘጉት።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነበር፤ ሄጄ እስክመለስ ድረስ ያቺን አጭር ቃል ማውጣት። ካላወጣኋት ከቫኑ ጋር ሚላኖ ነኝ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን አክስቴ ሊጥ አቦኩ። ኮባ ስለሌለ በምድጃ ወረቀት ጠቅልለው ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋገሩ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርግልን ነው?»

«ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም።»

«መሥሪያ ቤት እኮ ነው።»

«መሥሪያ ቤት ከሆነማ ጭራሽ!»

ሲኞራዋም ከባሕር ዳርቻ ደውለው መልእክት ሰጡኝ። ቀጭኑን ካየሽው ይብላ ብለሽ ንገሪልኝ፣ ፓስታ ብቻ አይሆንም፣ ሥጋም ይብላ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ለእሳቸው እሺ ማለት አይከብደኝም።

ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ዳቦው በመመርመሪያው ማሽን ውስጥ አለፈ። ፖሊሱ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱም አዩት። አክስቴ በኩራት «ፓኔ» አሉ። ፍልሰታ ስለነበር አውሮፕላን ላይ የመጣውን ዶሮ መለሱት፤ የኔንም መለሱብኝ። ከዳቦው ጫፍ ሊቆርሱልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «የሰው ነው» አሉ። እየጸለዩ ሄዱ። እኔ ደግሞ መስኮቱን ይዤ ሁለት ነገር ስለማመድ ሄድኩ። አንደኛው የኮሪያው አረፍተ ነገር፣ ሁለተኛው «አይ»። ኮሪያኛው ይቀለኝ ነበር።

ሴኡል በነሐሴ የምታፍን ከተማ ነች፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይጠመጠማል። አክስቴ የምድር ባቡሩን ወደዱት፤ ገና ሲገቡ ሰው ብድግ ብሎ ቦታ ስለለቀቀላቸው። የከፋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በፍልሰታ ደጅ ሳልስም ልዋል?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። የእኛን ቤተ ክርስቲያን የት እንደምናገኝ አላወቅንም። ከንፈራቸው የሚስመው አጥቶ ደረቀ።

ወደ ሕንፃው የሄድነው የቀጭኑ የልደት ቀን ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለአክስቴ ግን አልነገርኳቸውም። ሕንፃው ከእግር እስከ ራሱ መስታወት ነው። ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ ወዲህ ከየአገሩ የመጡ ልጃገረዶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። ማንም አይጮህም። አጥሩ ሥር የቀጭኑ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ዙሪያው አበባ ነው፤ ከፊቱ ትንሽ ኬክ ላይ ሻማ ይበራል።

አክስቴ ቆም አሉ። አበባውን አዩ። ሻማውን አዩ። አንገታቸውን የደፉትን ልጆች አዩ።

«የማን ንግሥ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ልደት ነው እትዬ። የዚያ የቀ—»

ልደት የምትለዋ ቃል በቃቻቸው። እስክጨርስ እግራቸው ሄዷል። ነጠላቸውን ተከናንበው መስመሩን ተሻግረው ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ግንባራቸውን የመስታወቱ በር መቃን ላይ አስነክተው ቀኙን ሳሙ፣ ግራውን ሳሙ። ውስጡ በኤር ኮንዲሽን ስለቀዘቀዘ የከንፈራቸው ቅርጽ መስታወቱ ላይ ጭጋግ ሆኖ ታተመ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጆቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ። አጠገቤ የቆመች ከናፖሊ የመጣች ልጅ ከአክስቴ ጋር ስነጋገር ጣሊያንኛ ስንቀላቅል ሰምታን ኖሮ ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«ምንድን ነው? ዕድል ያመጣል?»

ዝም አልኩ።

«ኤኮ! ይኸው!» አለች ዓይኗ በርቶ። ወደ ጎን ዞራ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ ነገረች፣ ነገሩ በየቋንቋው ሲተላለፍ በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ የናፖሊዋ ልጅ ራሷ ስካርፏን ተከናንባ ሄደች፤ ግንባሯን አስነካች፣ ቀኙን ሳመች፣ ግራውን ሳመች። አንዲት ረጅም በፀሐይ የቀላች ልጅ ተከተለቻት። ከዚያ ሁለት እህትማማች የሚመስሉ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። አክስቴ ሰልፉ መጋፋት ሲጀምር እጃቸውን ዘርግተው ገቡበት፤ «ቀስ! አትጋፉ! አንቺ ረጅሟ፣ ወደ ኋላ! ትንንሾቹን አሳልፉ!» በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ተረዷቸው።

ዘበኛው የወጣው ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ያለው ወጣት ነው። በሩን በየተራ የሚስሙትን ልጆች አየ፤ መስታወቱን አየ፤ ሰልፉን የሚያስተናግዱትን አሮጊት አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ነጠላውንና ሽበቱን ሲያይ ግን አፉን ዘግቶ እጅ ነሣ። አክስቴም እጅ ነሱ። እሱ ዝቅ ብሎ ደገመ። እሳቸው ከእሱ ዝቅ ብለው ደገሙ። አገራችን እንደሚደረገው ማን ይቅደም የሚል ክርክር ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱም ወገባቸው ሊቆረጥ ሲደርስ ዘበኛው ተሸነፈና ወንበር ሊያመጣ ገባ።

ወንበሩን አስቀመጠላቸው። ውሃ በብርጭቆ አመጣና በቀኝ እጁ ሰጣቸው፤ ግራ እጁን ደግሞ ከቀኝ ክርኑ ሥር አድርጎ።

አክስቴ ውሃውን ረሱት። «አየሽ? አየሽው? ክርኑን ደግፎ ነው የሚሰጠኝ! ይሄ የሰው ልጅ ነው፣ ያደገ ነው። ሮም ባር ውስጥ እንኳን ክርን ሊደግፉ፣ ስኒውን ወርውረውብኝ ነው የሚሄዱት።» ከዚያ ዳቦውን ከቦርሳ አወጡ።

ዘበኛው በአክብሮት ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየ። «ስጦታ አይቀበሉም ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ያ ለእነሱ ነው። ይሄ ለሕዝቡ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ባርከው ቆረሱት። ልጆቹ እየመጡ ተቀበሉ። ጥቁር አዝሙዱን እያሸተቱ፣ «ይሄስ?» እያሉ በዓይናቸው ይጠይቁኛል። ያ ሁሉ ዳቦ አልቆ አንዲት ቁራሽ ቦርሳው ውስጥ ቀረች። ዘበኛውም የሱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በላ። በትልቅ ሰው ፊት ፊት ለፊት አለመብላቱ አክስቴን ጨርሶ ማረካቸው።

«ያገባ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

«እትዬ!»

«ጠይቂው እንጂ። ለአንቺ አይደለም፤ ያንቺማ አልቋል። ማኅበራችን ውስጥ ስንት ሴት ልጅ አለ።»

ያንቺማ አልቋል ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እንዲህ ስሆን ደግሞ ዓይን አፋርነቴ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ወደ ዘበኛው ዞሬ ከድራማ በለቀምኩት ኮሪያኛ፣ በጣም ትሕትና ባለው አነጋገር፣ «አክስቴ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ» አልኩት።

ዘበኛው ወደ ውስጥ አየ። ወደ አክስቴ አየ። ሽቦው ውስጥ የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ለአድናቂ የማይከፈተውን በር ከፈተልን። ከኋላዬ የልጆቹ ትንፋሽ እንደ ነፋስ ሲያልፍ ሰማሁ።

«ምን አለ?» አሉኝ አክስቴ እየተነሱ።

«ግቡ አለን።»

«አግብቷል?»

«ውስጥ ነው የሚነግረን።»

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰው ቤተ መንግሥት ሲገባ ጣራውን ያያል፤ እኔ ወለሉን አየሁ። አንድ ጭረት የለበትም። ይሄንን የምታጸዳው ሴት ጠዋት ምን እየሰማች ይሆን የምታጸዳው ብዬ አሰብኩ። እነሱን ከሆነ እንደ እኔ ነች።

አክስቴ ዘበኛው ያሳያቸው ሽንት ቤት እንደገቡ ከውስጥ ጮኹ። «ነይ! ውሃው ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው!»

«ቁልፉን አይንኩት እትዬ!»

«ነካሁት እኮ ነው የምልሽ!»

ፊታቸውን ሳይቀር ረጥበው ወጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ድንገት ቆም አሉና፣ «ቆይ፣ እኔ ሽንት ቤት መቼ ጠየቅሁ?» አሉኝ።

«ከመጣን አይቀር ብዬ ነው።»

ገና ያን ቀን የተዋወቅን ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዝም ስትዪ የምታስቢው እንዲህ ነው ማለት ነው?»

መልስ ሳልሰጥ ሊፍቱ ተከፈተ። ኮፍያ ያደረገ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ልጅ ወጣ። ቀጭን ነው። አሮጊት ሲያይ ቆሞ በጣም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

አክስቴ ስለ ሽንት ቤቱ ረሱ። «ውይ፣ ከስተሃል ልጄ!» ብለው የመጨረሻዋን ቁራሽ አወጡና ክርናቸውን ደግፈው ዘረጉለት። «እንካ፣ ብላ።»

ልጁ ዘበኛውን አየ። ዘበኛው ጣራውን አየ። ልጁ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ጠበቀ። አዎ፣ የሆነ ነገር እንደምናገር አውቆ ጠበቀኝ። አፌን ከፈትኩ። «ቤት ሳጸዳ» የምትለዋ እንኳ አልወጣችም። እንደገና እጅ ነሥቶ በሌላ በር ሄደ።

እሱ ነው ወይስ አይደለም? ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት። አልምልም። ሲኞራዋ ግን በኋላ ስነግራቸው በእኔ ፋንታ በእናታቸው መቃብር ማሉ።

ስንወጣ የናፖሊዋ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ፤ «አየሽው? ውስጥ ነው ያለው?» ዝም አልኩ፤ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያን በር ለመሳለም የተደረገውን ግፊያ አልናገረውም።

አክስቴ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ዳቦ የጠቀለሉበትን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ። ፊታቸው ላይ የጠገበ ሰው ደስታ ነበር። «በቃ፣ አይቻለሁ» አሉ። «ወንድ የለበትም፤ ያለውም ከሲታ ነው። ስንመለስ ሽማግሌዎቹን እንቀበላለን። ጠላውን ቀደም ብዬ እጠምቃለሁ።»

ያ ልጅ ቆሞ የጠበቀኝ ነገር ገና ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ደግሞ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ዝም ልል ነው?

«አይሆንም!»

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ዘበኛውም ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም እትዬ። የሚላኖውን ሰው አላገባም። ሽማግሌም አይምጣ።»

«ያኔ ስጠይቅሽ ዝም ብለሽኝ የለ?»

«ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም።»

ጨርቁ እጃቸው ላይ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም ዝምታቸውን በምን እንደምሞላው አላወቅሁም፤ ለካ በዝምታ ወዲያኛው ወገን መቆም ይሄን ያህል ያስፈራል። በመጨረሻ፣ «ይቺን ቃል ለማውጣት ነው ኮሪያ ድረስ ያመጣሽኝ?» አሉ። «ቶር ፒኛታራ ወጥ ቤት ውስጥ አትባልም ነበር?»

«እዚያ አልወጣ አለችኝ።»

ተነሡ። ለዘበኛው እጅ ነሱ። ወደ ባቡሩ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። አውሮፕላን ላይ ዶሮው ሲመጣ የሳቸውን መለሱ፤ የኔን ግን ሳይነኩ ተዉት። ከእነ ኩርፊያቸውም ቢሆን ያን ጊዜ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። ዶሮውን አልበላሁትም፤ ፍልሰታ ነው።

ቤት እንደገባን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ቁም ሣጥኔን ከፈቱ። ነጠላውን ከፎቶው ላይ ገለጡና ቀጭኑን በመነጽር አዩት።

«ዳቦውን በልቶት ይሆን?» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሱ አላወቅሁም።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፁን ሁለታችንም እንድንሰማው አደረጉና የሚላኖውን ቁጥር ነኩ። «እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም። አፍ አውጥተሻል፤ ራስሽ ንገሪው።» ወንበር ስበው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

ጠራ። አነሣው። «ደኅና ነሽ?» አለኝ። ከኋላው የቫኑ ሞተር ይሰማል።

«ደኅና ነኝ፤ እርስዎስ?» አልኩት። አክስቴ ቅንድባቸውን አነሡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አላገባዎትም። ያን ቀን ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በከንቱ እንዳይደክሙ፣ ይቅርባቸው። ይስማማሉ?»

ሞተሩ ጠፋ። ከታች ከባንግላዴሾቹ ሱቅ የሣጥን መደርደር ድምፅ ይመጣል። ጠበቅሁት። ሰውዬው ምንም አላለም። አክስቴን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞረዋል፤ ትከሻቸው ይነቀነቃል።

በእኛ ቤት ደግሞ ዝምታ ስምምነት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።